ቡና የመሰለው ሃይላንድ

እናቴ ሕፃን ሳለሁ የሽንት ጨርቄ በሳሙና በታጠበ ቁጥር ይጠቁርባት ነበር። "ቡዳ ነው ብለን ጠበል ወስደንሃል" ትላለች እየሳቀች። ይህን የነገረችኝ በ36 ዓመቴ ነው፤ ያውም ወገቤ ተቆልፎ ከባጃጅ መውረድ ሲያቅተኝ።

ከዚያ በፊት ባሕር ዳር ውስጥ ስንቴ ሽንት ሰጥቻለሁ። መልሱ ሁሌ "ምንም የለም" ነው። ለካ ትኩሱን ነው የሚያዩት! የእኔ ሽንት ሲወጣ እንደማንም ሰው ቢጫ ነው። የሚጠቁረው አየር እያገኘው ሲቆይ ነው። ሳሙና ሲነካው ደግሞ ይፈጥናል።

አንድ ሐኪም ግን ጆሮዬን ዳበሰ፣ የዓይኔን ነጭ አየ። ቡናማ ነጠብጣብ አለበት፤ እኔ አቧራ ነው የምለው። "ሽንትህን አስቀምጠህ አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ። የጠረጠረው አልካፕቶኑሪያ ነበር። በዘር የሚተላለፍ ነው። ከፕሮቲን የሚገኘውን ታይሮሲን ከሚሰባብሩት ኢንዛይሞች አንዱ አይሠራም። ስለዚህ ሆሞጀንቲሲክ አሲድ ይጠራቀማል። አብዛኛው በሽንት ይወጣል፤ የቀረው ለዓመታት የመገጣጠሚያ ካርትሌጅ (አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚከላከለው ለስላሳ አካል) ላይ እየተለጠፈ ያጠቁረዋል፣ ያደርቀዋል።

የ24 ሰዓት ሽንት አምጣ ተባልኩ። ቀላል መሰለኝ። በሃይላንድ ሰብስቤ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት፤ በሚያዝያ፣ በዚያ ሙቀት! የላቦራቶሪዋ ልጅ ጠርሙሱን አንስታ "ወንድሜ፣ ይሄ ሽንት ነው ቡና?" አለችኝ። አልተቀበለችኝም። አሲዱ ከአየር ጋር ተዋህዶ ከተለወጠ ልኬቱ ይዛባል።

እንዳይለወጥ የሚያደርግ ሌላ አሲድ ከታች ያለበት ዕቃ ሰጠችኝ። "እንዳትደፋው፣ እንዳይነካህም" አለችኝ። ጠዋት 1 ሰዓት የመጀመሪያውን ሽንት ጣልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ በማግስቱ 1 ሰዓት ያለውን ጨምሮ፣ አጠራቀምኩ። ፍሪጁ ውስጥ ከዓሣው ጎን ሲቀመጥ ባለቤቴ ምን እንዳለች አልጽፍም። ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ስንሸራሸር ግን ረስቼ አንድ ዛፍ ሥር ሸናሁ። አለቀ፤ እንደገና ከዜሮ። መዋሸት አምሮኝ ነበር። ግን አንዷ ብትጎድል የቀኑ ድምር ውሸት ይሆናል።

በሦስተኛው ተሳካ። ጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥ ይህ አሲድ የለም ማለት ይቻላል። የእኔ በቀን ከ4 ግራም በላይ ሆነ። ክሬአቲኒኔ (ከጡንቻ የሚመጣ፣ የቀኑ ሽንት ሙሉ መሆኑ የሚታይበት ቆሻሻ) ግን ዝቅ ብሎ ስለተነበበ "ሽንት አጉድለሃል" ተባልኩ። ተናደድኩ። ለካ ሆሞጀንቲሲክ አሲዱ ራሱ በኢንዛይም የሚሠራውን የክሬአቲኒን ምርመራ ያሳስታል። በሌላ ዘዴ ሲለካ ልክ ሆነ። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ናሙና ሲሰጥ አስቀድሞ ይናገር፤ እኔ ዝም ብዬ ነው የተጉላላሁት።

ኒቲሲኖን የሚባል መድኃኒት አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ይህ ሕመም ላለባቸው አዋቂዎች ፈቅዶታል። አሲዱን በጣም ይቀንሳል፤ ታይሮሲንን ግን ከፍ ስለሚያደርግ የዓይን ክትትል ይፈልጋል። እኔ ገና አልጀመርኩም። ለጊዜው ከባድ ነገር አላነሳም፣ እዋኛለሁ።

ሁለቱም ወላጆቻችን የጂኑ ተሸካሚ ስለሆኑ የእያንዳንዳችን በሕመሙ የመያዝ ዕድል ከአራት አንድ ነው። ታናሽ እህቴም ናሙና ሰጠች። ላቦራቶሪው እስኪነግረን አልጠበቀችም፤ የራሷን በብርጭቆ መስኮት ላይ አስቀምጣ ሌሊቱን ሙሉ በስልኳ መብራት ስታየው አደረች። ጠዋት ደወለችልኝ። "ቢጫ ነው" አለችኝ። የላቦራቶሪውም መልስ ያው ሆነ።