ተርሚናል ላይ ፊደል ማስደነስ

ሥራ ሲሰለቸኝ ጥቁሩን ተርሚናል (ኮምፒውተሩን በጽሑፍ የምናዝበትን መስኮት) ከፍቼ ጽሑፍ አስደንሳለሁ። ጥቅሙ ምንድን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ የለውም።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አውሮፓ ውስጥ በኮሞዶር 64 እና በአሚጋ የቤት ኮምፒውተሮች ላይ የጌም መቆለፊያ የሚሰብሩ ልጆች፣ ጌሙ ከመጀመሩ በፊት የራሳቸውን መግቢያ ይሰኩበት ነበር። ሙዚቃው ይጮሃል፣ ከሥር ደግሞ ለወዳጅ ሰላምታ ለተቀናቃኝ ስድብ የተሞላ ረጅም ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ እየተወዛወዘ ያልፋል። ጥበቡ በኋላ ለብቻው ወጥቶ ዴሞሲን ተባለ። ፊንላንድማ እ.ኤ.አ. በ2020 በማይዳሰሱ ቅርሶቿ መዝገብ ውስጥ አስገባችው!

ኮሞዶር 64 ስክሪኑን በፒክስል የሚያንሸራትት ሃርድዌር ነበረው። እኛ ጋ፣ ተርሚናሉ ላይ፣ ትንሿ እርምጃ የአንድ ፊደል ቦታ ናት። ስለዚህ ዓይንን ማታለል ነው።

መጓዙ ቀላል ነው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ረጅም ስትሪንግ (የፊደሎች ሰንሰለት) ያዙ፣ ከፊትና ከኋላው 80 ባዶ ቦታ ጨምሩበት፣ ከዚያ በየፍሬሙ (ስክሪኑ ላይ በሚወጣው በእያንዳንዱ ምስል) መነሻውን በአንድ እየገፋችሁ 80 ካራክተር ቆርጣችሁ አሳዩ። ማወዛወዙን ሳይን (እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ የሚለው የሒሳብ ፈንክሽን) ይሠራዋል። ስክሪኑ 24 መስመር ከሆነ ፊደሉ የሚያርፍበት መስመር 12 ሲደመር የሳይን 8 እጥፍ ይሁን፤ ሳይኑ ውስጥ ከዓምዱ ቁጥር የፍሬሙን ቁጥር ቀንሳችሁ በ0.15 አባዙ። 8ን ወደ 3 ብታወርዱት ረጋ ያለ ሞገድ ይሆናል። 0.15ን ወደ 0.5 ከፍ ብታደርጉት እብደት ነው፣ ሞክሩት።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ብልጭ ድርግም የሚለው ላይ ነው። በየፍሬሙ ስክሪኑን አታጽዱ። ካራክተር ቁጥር 27ን ልካችሁ ከፋች ካሬ ቅንፍና ትልቁን ኤች ([H) ብታስከትሉበት ከርሰሩ (የሚጻፍበትን ቦታ የሚያሳየው ምልክት) ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ይመለሳል፣ አዲሱ ፍሬም አሮጌው ላይ ይጻፋል። ይህ ኮድ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ቪቲ100 ተርሚናል ላይም ይሠራ ነበር፣ ዛሬም ይሠራል። ፍሬሙን በሙሉ አንድ ስትሪንግ አድርጋችሁ በአንዴ ላኩት፤ መጨረሻው መስመር ላይ ግን አዲስ መስመር አትጨምሩ፣ ስክሪኑን ወደ ላይ ይገፋዋል። በፍሬሞቹ መካከል 0.03 ሰከንድ ማሳረፍ ይበቃል። ከርሰሩንም ደብቁት፣ ስትወጡ መመለሱን ሳትረሱ።

አሁን የራሳችን ጣጣ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት ሥርዓት) እያንዳንዱ አንድ ካራክተር ስለሆነ ፓይተን ሲቆርጠው አይበላሽም፤ ተነባቢና አናባቢ ተነጥለው የሚቀመጡባቸው ስንት ጽሕፈቶች ይህን ዕድል አላገኙም። ችግሩ ስፋቱ ነው። ተርሚናሉ ለ«ጨ»ም ለ«ነ»ም እኩል አንድ ጠባብ ቦታ ይሰጣል፣ ፎንቱ ደግሞ ሰፊ ነው፣ ፊደሎቹ ይደራረባሉ ወይም ጎናቸው ይቆረጣል። መላው ከእያንዳንዱ ፊደል ኋላ አንድ ባዶ ቦታ መጨመር ነው። እንዲያውም ሞገዱ ላይ ተራርቀው ሲሄዱ ያምራሉ። እኔ የምፈትነው በ«ጨ» ነው፤ እሷ ሳትቆረጥ ካለፈች ብዙዎቹ ያልፋሉ።