ጥርት ያለው ክዳን

ማርክስ ጄኔሬተር፣ ለቅጽበት ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ማሽን፣ ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ቻርጅ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች በትይዩ ይሞላሉ፣ ስፓርክ ጋፖቹ (ብልጭታ የሚዘልባቸው የአየር ክፍተቶች) ሲተኩሱ በተከታታይ ይያያዛሉ፣ ቮልቴጃቸው ይደመራል። ኤርቪን ማርክስ በ1924 እ.ኤ.አ. ካቀረበው ወዲህ መሠረቱ ያው ነው። ኢንሱሌተር የምንፈትሽበት የእኛው ማሽን ግን አንድ ሰሞን አመል አወጣ። የታችኛው ጋፕ ሁሌም ይተኩሳል፤ ከሱ በላይ ያሉት አንዴ ይከተላሉ፣ አንዴ ዝም ይላሉ። ሲከተሉም ዘግይተው ነው፤ ኦሲሎስኮፑ ላይ ሞገዱ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው እንደ ልማዱ የኤሌክትሮዶቹ (በየጋፑ ሁለት ጫፍ ያሉት የብረት ኳሶች) ርቀት ነው። አየር በሴንቲ ሜትር 30 ኪሎ ቮልት ገደማ ስለሚቋቋም፣ ትንሽ የርቀት ልዩነት ብዙ ያዛባል። ለካን፤ ልክ ነው። ሬዚስተሮቹም ደህና ናቸው። ኳሶቹን ወለወልን፤ ለውጥ የለም። በየመሃሉ ማሽኑን አጥፍቶ፣ የቀረውን ቻርጅ ወደ መሬት የሚያወርደውን የአርዝ ዘንግ ሰቅሎ መግባት አለ። (ዘንጉ ነካ ተደርጎ የሚነሣ አይደለም፤ ተሰቅሎ ይቆያል። ባዶ ሆነ የተባለ ካፓሲተር ጥቂት ቆይቶ በራሱ ቮልቴጅ ይመልሳል።)

ነገሩን የያዙት አንጋፋው ቴክኒሺያናችን ናቸው።

«ልጆች፣ ይሄ ክዳን መቼ ነው የገባው?»

በመጨረሻው ጥገና አንድ ባልደረባችን አቧራ እንዳይገባ እያንዳንዱን ጋፕ በአክሪሊክ ሣጥን ሸፍኖት ነበር። «ምን ችግር አለው ጋሼ? ጥርት ያለ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል» አላቸው።

«ላንተ ዓይን ነዋ!»

ቮልቴጅ ብቻውን ጋዝን አይበሳም፤ መነሻ የሚሆን ነፃ ኤሌክትሮን ይፈልጋል። እሱ በኤሌክትሪክ መስኩ ተስቦ ከሞለኪውል ሲጋጭ ሌላ ያስወጣል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ ናዳ ይሆናሉ፤ የፊዚክስ ሊቁ ታውንሴንድ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ያንን የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ኮስሚክ ጨረርና የተፈጥሮ ራዲዮአክቲቭ ጨረር አልፎ አልፎ ይሰጣሉ። የታችኛው ጋፕ ቀስ ብሎ ስለሚሞላ መጠበቅ ይችላል። የላይኞቹ ግን ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያገኙት ለቅጽበት ነው፤ ኤሌክትሮኑ ያኔ ካልደረሰ አለቀ። ጋፖቹ እንዲተያዩ ተደርገው በአንድ መስመር የሚደረደሩትም ለዚህ ነው፤ የታችኛው ብልጭታ የሚረጨው አልትራቫዮሌት፣ ዓይን የማያየው ብርሃን፣ የላይኞቹን ኤሌክትሮዶች መትቶ ኤሌክትሮን ያስወጣል። ተራ አክሪሊክ ደግሞ አጭር ሞገድ ያለውን አልትራቫዮሌት ይውጠዋል።

የሚተያዩት የሣጥኖቹ ጎኖች ሲነሡ ጋፖቹ ተከታትለው ተኮሱ።

ይሁንና ባልደረባችን አቧራ መፍራቱ ትክክል ነው፤ ኤሌክትሮድ ላይ ያረፈ አቧራ ጋፑን ያለጊዜው ያስተኩሳል። ስለዚህ በተነሡት ጎኖች አልትራቫዮሌት የሚያሳልፍ ኳርትዝ እንዲገባ ጠየቅን። ግዢ ክፍሉ «ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው፤ ውዱ ለምን?» አለ፣ ማብራሪያ መጻፉም ለእኔ ደረሰ። የፊዚክስ ሊቁን ኸርትዝን ጠቀስኩ፦ በ1887 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ ሞገድ ሙከራው የመቀበያውን ብልጭታ በደንብ ለማየት ጨለማ ሣጥን ውስጥ ቢያስገባው ብልጭታው አጠረበት፤ በመካከል መስታወት ሲጋረድም ያው ሆነ፣ በኳርትዝ ሲተካው ግን ረዘመ። ኳርትዙ ተገዛ።