ማጅራቴን የያዘኝ ብርድ አልነበረም

ቨርጂኒያ ውስጥ ኡበር መንዳት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሾፌር ወገቡን ያመዋል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔን ግን የያዘኝ ማጅራቴን ነው። አንድ ቀን ጠዋት መኪናዬን ወደ ኋላ ላወጣ ዞር ስል አንገቴ እምቢ አለ። ጆሮዬና ትከሻዬ መሃል ሚስማር የተመታ ነው የመሰለኝ። ያን ቀን ሰው በጠራኝ ቁጥር ከነደረቴ እየዞርኩ ዋልኩ።

ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ። "ብርድ ነው ልጄ፣ በላብህ መስኮት ከፍተህ ነው" አለችኝ። "ቅቤ ተቀባና ተሸፋፍነህ ተኛ። እዚያ ወጌሻ የለም እንዴ?" እኔ ደግሞ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ይዤዋለሁ። አርባ ደቂቃ ሙሉ! ስለ ማጅራቴ የተማከርነው ማጅራቴን አጣምሜ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ቅቤውን ተቀባሁ። ሙቀትና እሽት ለጊዜው ያቀላል፣ አልዋሽም። ሲነጋ ግን ያው ነው፤ ትርፉ ትራሴን ማበላሸት።

በመጨረሻ ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ጣቴ ይደነዝዝ፣ እጄ ይዝል፣ ደረቴን ያመኝ እንደሆነ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ማፍታታት አይኬድም። የለም አልኳት። "እንግዲያው መሪ እንደያዝክ ሆነህ ተቀመጥ" አለችኝና ሁለት እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ወደ ታች ተጫነች። ወረደ! ለካ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ተሰቅሎ ነው የኖረው። የቤት ኪራዩን፣ መንገዱን፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ኡበር ላይ የሚሰጠኝን ኮከብ እያሰብኩ ስነዳ ስንት ዓመት ሰቅዬው እንደነበር እግዜር ይወቅ።

የሰው ራስ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀጥ ካልን አከርካሪው ይሸከመዋል፤ ወደ ስልክ ስናቀረቅር ወይም አገጫችንን ወደ መሪው ስናሾል ሸክሙ ጡንቻ ላይ ይወድቃል፣ በተለይ ከራስ ቅል ሥር ተነስቶ እስከ ትከሻና ጀርባ መሃል በተዘረጋው ትራፔዚየስ በሚባለው ላይ። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ከደለስ ኤርፖርት የአገር ቤት ሰው በጫንኩ ቁጥር 23 ኪሎ ሻንጣ ሁለት ሁለቱን አነሳለሁ። 23 ነው ይላሉ እንጂ እኔስ አላምንም።

በጣም የጠቀመኝ የስፖኪዮው ዘዴ ነው። ጠዋት ቀጥ ብዬ ተቀምጬ የውስጡን ስፖኪዮ አስተካክላለሁ። ከሰዓት የኋላ መስታወቱ ግማሽ ብቻ ከታየኝ ስፖኪዮውን አልነካም፤ የወረድኩት እኔ ነኝ ማለት ነው፣ ቀና እላለሁ። ወንበሩንም ክርኔ እንዲታጠፍ ትንሽ ወደ ፊት አስጠጋሁት። ኤርፖርት ወረፋ ስጠብቅ ከመኪና ወርጄ አገጬን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ አምስት ሰከንድ እቆያለሁ፣ አሥር ጊዜ። ከዚያ ሳላስገድድ ጆሮዬን ወደ ትከሻዬ ዘንበል አድርጌ በየጎኑ ሠላሳ ሰከንድ ያህል፣ በመጨረሻም ትከሻዬን እስከ ጆሮዬ አንስቼ ዱብ። ጓደኞቼ "ደግሞ እስክስታ ጀመረ" ብለው ሳቁብኝ፤ አሁን ሁለቱ አብረውኝ ይሠራሉ።

ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ የነዳሁ ቀን ሕመሙ ይመጣል። ግን ዞር ብዬ መኪናዬን ማውጣት ከቻልኩ ቆየሁ።

እማዬ አሁንም "ብርዱ ለቀቀህ?" ትለኛለች። "ቅቤሽ ነው ያዳነኝ" እላታለሁ፣ ኢርፎኔን ሰክቼ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ።