ዛሬ መብራት ላይ ዘጭ አልኩ

ሳይክል ከጀመርኩ ገና 3 ወሬ ነው፣ ልቤ አብጦ ጫማን ከፔዳል የሚቆልፈውን ክሊፕ አስገጠምኩ። ጠዋት ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ ስነዳ እንዴት ደስ እንደሚል! እግሬ ውልፍት አይልም። ከዚያ ቀይ መብራት በራ። ቆምኩ፣ እግሬን ወደ ላይ ሳብኩ፣ ወይ ፍንክች! የሚፈታው እኮ ተረከዝን ወደ ውጭ ሲጠመዝዙት ነው፤ ቤት ግድግዳ ይዤ ሃያ ጊዜ ተለማምጄዋለሁ፣ ግን ሰው ሲደነግጥ ትዝ የሚለው የድሮው ነው። እንደ ጆንያ በቀኝ ጎኔ ዘጭ! የታክሲው ረዳት "አይዞህ ወንድሜ፣ ቦታ አለ ግባ!" ሲለኝ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም መሬት ላይ ሆኜ ሳቅኩ። ክርኔ ተልጧል። አሁን ጫማው ቶሎ እንዲለቅ በ3 ቁጥር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) የፔዳሉን ሞላ እያላላሁ ነው። ነገም በዚያው መንገድ ነኝ፣ አንዱን እግር ግን ከመብራቱ ቀደም ብዬ እፈታለሁ።