ከበሮ ቢከለከል በርሜል አለ

ካሪቢያን ሲባል የእኛ ሰው ሐሳብ ቀጥ ብሎ ጃማይካ ነው የሚሄደው። አይፈረድበትም፤ ቦብ ማርሌይ አለ፣ ሻሸመኔ አለች፣ የጃንሆይ የ1966 (እ.ኤ.አ.) ጉብኝት አለ። ግን ጃንሆይ ኪንግስተን ከመግባታቸው በፊት፣ በዚያው ሳምንት፣ ትሪኒዳድን ጎብኝተው እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ ሰሞኑን ልቤን የሰረቀችው እሷው ናት፤ በተለይ ስቲል ፓን የሚባለው የሙዚቃ መሣሪያዋ።

ታሪኩን ባጭሩ ልበለው። ኮሎምበስ በ1498 መጣ፣ ደሴቲቱ የስፔን ሆነች። ስፔን የሚያለማት ሰው ሲያጥራት በ1783 ካቶሊክ የሆነ ይምጣና መሬት ይውሰድ ብላ አወጀች፤ ፈረንሳዮችም ባሪያዎቻቸውን እየነዱ ጎረፉ። በ1797 እንግሊዝ ቀማች። እንግዲህ አስቡት፤ ገዢው እንግሊዝ፣ ሕጉ የስፔን፣ ሰዉ የሚያወራው የፈረንሳይ ክሪዮል (ከፈረንሳይኛና ከአፍሪካ ቋንቋዎች የተቀላቀለ)፣ ጉልበቱ የአፍሪካ። ባርነት በ1838 ጨርሶ ሲቀር ባለ ሸንኮራ እርሻዎቹ ከ1845 ጀምሮ ሕንዶችን በኮንትራት አስመጡ። ዛሬ በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው ደብልስ (ሁለት የተጠበሰ ለስላሳ ቂጣና ሽምብራ ነው) የመጣው ከእነሱ ነው።

አሁን ወደ ገደለው። ነፃ የወጡት ሰዎች በካርኒቫል (ከዐቢይ ጾም በፊት የሚከበረው የጭፈራ በዓል ነው) ሌሊት ችቦ አብርተው፣ ከበሮ እየመቱ፣ በዱላ እየተጋጠሙ ይወጡ ነበር፤ ካንቡሌ ይሉታል። በ1881 ፖሊስ ላስቁም ሲል ዋና ከተማዋ ፖርት ኦፍ ስፔን ላይ የለየለት ፍልሚያ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ከበሮው በሕግ ታገደ። ሰዉ ምን አደረገ? ቀርከሃ ቆረጠ። ወፍራሙን መሬት ላይ እየደቃ፣ ቀጭኑን በእንጨት እየመታ ዘፈኑን ቀጠለ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የብስኩት ቆርቆሮው፣ የቀለም ጣሳው፣ የመኪናው ብረት ሁሉ ተጨመረ፤ ከዚያ ተራው የነዳጅ በርሜል ሆነ። አገሩ ነዳጅ አለው፣ በርሜል ሞልቷል። የበርሜሉን ቂጥ በመዶሻ ወደ ውስጥ ያጎደጉዱታል፣ በእሳት ያግሉታል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ቦታ የራሱን ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ በትዕግሥት ይቀጠቅጡታል። ስቲል ፓን ይህ ነው።

ይህን የሠሩት እንደ ላቬንቲል ካሉ ድሃ ሰፈሮች የወጡ ልጆች ናቸው፤ ጨዋ ነኝ የሚለው ሰው ዱርዬ ይላቸው ነበር። እውነት ለመናገር ባንዶቹም እርስ በርስ ክፉኛ ይደባደቡ ነበር። ግን በ1951 ከየባንዱ የተመረጡት ለንደን ሄደው በብሪታንያ ፌስቲቫል ላይ ተጫወቱ። ከበሮውን ባገደው መንግሥት ዋና ከተማ!

ትሪኒዳድና ቶቤጎ በ1962 ነፃ ወጣች፣ ፓኑም በ1992 ብሔራዊ መሣሪያ ተባለ። የአገሪቱ አርማ ላይ ግን የኮሎምበስ ሦስት መርከቦች እንደተሳሉ ነበሩ። በ2024 የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪት ራውሊ መርከቦቹ ይውረዱ፣ ስቲል ፓን ይተካ አሉ፤ ፓርላማውም በ2025 መጀመሪያ አጸደቀው። እኔን የገረመኝ መውረዳቸው ሳይሆን ይህን ሁሉ ዓመት መቆየታቸው ነው።