ስናፕሾት ባክአፕ መስሎኝ

ይህን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ ስለምቆጭ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የአንድ ትንሽ ድርጅት ብቸኛ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌራችን) በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ የጋራ ፋይሎች በሌላው፣ የሙከራ ሥራ በሦስተኛው ላይ ነበር። ሦስቱንም ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) አድርጌ አንድ ያገለገለ ሰርቨር ላይ ላጠቃልል ወሰንኩ። ራሙ 32 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ፣ 480 ጊጋባይት። ብሮድኮም ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የቪኤምዌር ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ የሆነው ነፃው ኢኤስኤክስአይ ቀርቶ ነበር። በኋላ ቢመለስም እኔ ያንኑ ሥራ የሚሠራውን ፕሮክስሞክስን መርጬ ነበር፣ አልተጸጸትኩበትም።

አጫጫኑ ቀላል ነው። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈት ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ቨርቹዋላይዜሽኑን አብሩ። ፍላሽ ላይ አዘጋጅታችሁ ጫኑት። ከዚያ በብሮውዘር በፖርት 8006 ትገባላችሁ። ዊንዶውስ ስትጭኑ ዲስኩ አልታይ ካለ የቨርትአይኦ ድራይቨር (ዊንዶውስ የቨርቹዋል ማሽኑን ዲስክ እንዲያውቅ የሚያደርግ ሶፍትዌር) ስጡት። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም።

ጉዱ ዲስኩ ላይ ነው።

ፕሮክስሞክስ ሲጫን ዲስኩን ራሱ ይከፋፍለዋል። ለቨርቹዋል ማሽኖች ቲን ፑል የሚባል ቦታ ይተዋል። የእኔ 320 ጊጋባይት ገደማ ነበር። እኔ ለፒችትሪው 200፣ ለፋይሉ 200፣ ለሙከራው 100 ሰጠሁ። ድምሩ 500 ነው። ሲስተሙ እሺ አለኝ፣ ምክንያቱም ቲን ፑል ቦታ የሚይዘው ዳታ ሲጻፍበት ብቻ ነው። ዝም ብሎም አልፈቀደልኝም። የዲስኮቹ ድምር ከፑሉ እንደሚበልጥ፣ ፑሉ ቢሞላ መከላከያ እንዳልተደረገለት የሚናገር ማስጠንቀቂያ ሎጉ (የሥራ መዝገቡ) ላይ ጽፎልኛል። አየሁት። መጨረሻው ላይ ኦኬ የሚል ስለነበር ዘጋሁት። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

የካቲት ላይ የዊንዶውሱን ማሽን (ፒችትሪ ያለበትን) አፕዴት ሳደርግ ለጥንቃቄ ስናፕሾት ወሰድኩ፣ ማለትም ነገሩ ቢበላሽ ወደ ኋላ ልመልሰው ማሽኑን በዚያች ቅጽበት እንዳለ አስቀረሁ። አፕዴቱ ተሳካ፣ ስናፕሾቱን ረሳሁት። ስናፕሾት እንዳለ እስከቆየ ድረስ የድሮው ዳታ አይለቀቅም፣ አዲሱ ከጎኑ ይጻፋል። ቦታው በየቀኑ ይበላል። ከዚህም በላይ የዲስካርድ ምርጫውን አላበራሁም ነበር። ስለዚህ ዊንዶውስ ውስጥ የሚጠፋ ፋይል ለፑሉ ቦታ አይመልስም። እኔ ግን ስናፕሾት ስላለኝ ባክአፕ ያለኝ መስሎኝ በሰላም እተኛ ነበር።

ሰኔ 30፣ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ቀን፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ደወለች። «ወንድሜ፣ ፒችትሪ ደርቋል፣ ቶሎ ና።» የፕሮክስሞክሱን ገጽ ስከፍት ከማሽኑ ስም አጠገብ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለ። ፑሉ ስንት በመቶ እንደሞላ ስጠይቅ 100.00 አለኝ። ማሽኑ መጻፊያ ቦታ አጥቶ ቆሟል።

እዚህ ላይ ነው ያበላሸሁት። የቆመ ማሽን ያልሞተ ማሽን ነው። ስናፕሾቱን አጥፍቼ ቦታ ካስለቀቅኩ በኋላ ሪዙም (ቀጥል) ብለው ምናልባት ይቀጥል ነበር። እኔ ደንግጬ ስቶፕ የሚለውን ተጫንኩ። ስቶፕ የኃይል ገመድ እንደ መንቀል ነው። ስናፕሾቱን ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዊንዶውሱ ተነሳ፣ ፒችትሪ ግን የድርጅቱን ፋይል አልከፍትም አለ። ዳታው መሀል ላይ ተቆርጧል።

ያዳነን እኔ ያዘጋጀሁት ነገር አይደለም። ሒሳብ ሠራተኛዋ በራሷ ፍላሽ የፒችትሪ ባክአፕ ትወስድ ነበር። የመጨረሻው የሰኔ 18 ነበር። የ12 ቀን ደረሰኝ በእጅ መልሰን አስገባን፣ እሷ እያነበበች እኔ እየጻፍኩ፣ ሦስት ሌሊት። አንድ ጊዜም አልወቀሰችኝም። እሱ ነው የከበደኝ።

ሥራ አስኪያጁ ለሁለተኛ ዲስክ የጠየቅኩትን ገንዘብ ሁለቴ መልሰውብኛል። ቅር ብሎኛል፣ አሁንም ይለኛል። ግን ወረቀቱ ላይ «ለማስፋፊያ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። «ይህ ዲስክ ከሌለ የሒሳብ መዝገባችን ሊጠፋ ይችላል» ብል ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። በሐምሌ እንደዚያ ብዬ ጻፍኩ፣ በሳምንቱ ተገዛ።

መመሪያዎቹ ቲን ፑልን ቦታ ቆጣቢ ብለው ያመሰግኑታል። እኔ ለጀማሪ የምለው ሌላ ነው። የዲስኮቻችሁ ድምር ከፑሉ አይብለጥ፣ ለስናፕሾትም ትርፍ ተዉለት። ሦስት ማሽን አገናኝቶ ክላስተር መሥራትንም ለጊዜው እርሱት። ያንን ገንዘብ ለባክአፕ ዲስክና ለዩፒኤስ አውሉት፣ መብራታችንን ታውቁታላችሁ። ስናፕሾት ከሥራው በኋላ በዚያው ቀን ይጥፋ። ያው ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

አሁን ባክአፑ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ዲስክ ይሄዳል። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ አንዱን ባክአፕ አውጥቼ በሌላ የማሽን ቁጥር፣ ኔትወርኩን ነቅዬ አስነሳዋለሁ፣ ፒችትሪንም ከፍቼ አያለሁ። ሰርቨሩ ጎን ላይ ወረቀት ለጥፌ በየዓርቡ የፑሉን መቶኛ በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ። ባለፈው ዓርብ 58 ነበር።