የሚጥል ሕመም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት፦ ከጀበናው እስከ ጳጉሜ

ጅማ ላይ ቡና የማይፈላበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። ከሰል ምድጃው ወለሉ ላይ፣ ረከቦቱ ከጎኑ፣ ልጆቹ ዙሪያውን። የሚጥል ሕመም ያለበት ልጅ ካለ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ይህ አቀማመጥ ነው። መድኃኒቱ ከትንሽ ተነስቶ ቀስ እያለ ስለሚጨመር ከተጀመረ በኋላም ሕመሙ ልጁን ለሳምንታት ሊጥለው ይችላል፤ ፍም ላይ ለመውደቅ ግን አንድ ቀን ይበቃል።

ብዙ ሰው ምድጃውን ከፍ ያደርጋል። አይበቃም። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ምድጃ ልጁ ሲወድቅ አብሮት ይገለበጣል፣ የፈላው ጀበናም ላዩ ላይ ይፈስበታል። የሚሻለው ምድጃውን ሁለት ግድግዳ የሚገጥሙበት ጥግ አስገብቶ፣ ቡና የምታፈላዋ በምድጃውና በልጁ መካከል እንድትቀመጥ ማድረግ ነው። ርቀቱን በዓይን አትገምቱት። ልጁን ከሚቀመጥበት ቦታ ወደ ምድጃው አቅጣጫ እጁን ዘርግቶ አስተኙትና ከጣቱ ጫፍ በላይ አንድ እርምጃ ጨምሩ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ10 ለሆነ ልጅ ይህ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ቤቱ ከጠበበ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ደግሞ ቡና የምታፈላዋና ልጁን የምትጠብቀው አንድ ሰው ባይሆኑ ይመረጣል፤ ስኒ እየቀዱ ልጅ መያዝ አይቻልም። እንጨት የሚነድበት ወጥ ቤት ካለ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ ግማሽ በር አሠሩለት።

ውሃ ሲባል ሰው የሚያስበው አዌቱ ወንዝን ነው፤ አደጋው ግን ሳፋው ውስጥም አለ። በፊቱ ለተደፋ ልጅ ጥቂት ጣት ውሃ ይበቃዋል። ሳፋ ሞልታችሁ አትዘፍዝፉት፣ በጆግ እያፈሰሳችሁ እጠቡት፣ ሳሙና ረሳሁ ብላችሁም ትታችሁት አትሂዱ። የሽንት ቤቱን የውስጥ መቀርቀሪያ ንቀሉት። ፍራሹ መሬት ላይ ይሁን።

ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማሸተት አሁንም በየሰፈሩ አለ። አብዛኛው ጥቃት በአንድ በሁለት ደቂቃ በራሱ ያልቃል፤ ክብሪቱ በዚያው ሰዓት ስለተጫረ ምስጋናውን ይወስዳል። ምላሱን እንዳይውጥ ብሎ ማንኪያ በአፉ መክተትም እንዲሁ። ምላስ አይዋጥም፤ ጥርስ ግን ይሰበራል፣ የተሰበረውም ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል። የሚደረገው ጥቂት ነው፦ ሰዓት ማየት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ነጠላ አጥፎ ማስገባት፣ የአንገቱን ቁልፍ መፍታት፣ እንደተቻለ በጎኑ ማዞር። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት፣ እግሮቹ የተቆላለፉ ልጅ በጎኑ ሲያዞሩት ተመልሶ በጀርባው ይንከባለላል፤ ከጀርባው የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይደገፍለት፣ በጉልበቶቹ መሃል ደግሞ ትንሽ ትራስ ይግባ። እጅ እግሩን ጨምድዶ መያዝ መገጣጠሚያ ይጎዳል እንጂ ጥቃቱን አያሳጥርም። ስሙን ሲጠሩት እስኪመልስ፣ የማይናገር ከሆነም እንደ ልማዱ በዓይኑ እስኪከተላችሁ ድረስ ውሃም ሆነ ጠበል በአፉ አይግባ።

አምስት ደቂቃ ካለፈው፣ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ወይም ካቆመ በኋላ አተነፋፈሱ ካልተስተካከለ ወደ ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ከተማ ውስጥ ግን በር ላይ የቆመው ባጃጅ ሊቀድም ይችላል። ባጃጅ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አታስቀምጡት፤ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ይወድቅና ትንፋሹ ይታፈናል። ጭናችሁ ላይ በጎኑ አጋድሙት፣ ምራቁ እንዲወጣ አፉ ወደ ታች ያዘንብል። ከሰቃ ወይም ከዴዶ ገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ መንገዱ ይረዝማልና፣ ቤት ውስጥ በፊንጢጣ የሚሰጥ፣ ጥቃቱን የሚያስቆም ዲያዜፓም ይታዘዝልን እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከታዘዘ በክብደቱ የተሰላው መጠን በሚሊሊትር ተጽፎ ሳጥኑ ላይ ይለጠፍ፣ አሰጣጡንም ባለሙያ ፊት አንድ ጊዜ ተለማመዱት። በድንጋጤ መድኃኒቱ የተቀዳበትን መርፌ ከስሪንጁ መንቀል የሚረሳ አለ።

ሲጥለው ከአፉ የሚወጣው አረፋ አይጋባም። ይህን ለጎረቤት ደጋግሞ መንገር ይሰለቻል፣ ግን ልጅ እሳት ላይ ወድቆ እያዩ «ይጋባብኛል» ብለው የሚሸሹ ዛሬም አሉ። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት መሪነት ቡታጅራ አካባቢ ተሠርቶ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 የታተመው ጥናት ከ1000 ሰው 5.2 የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው አሳይቷል። ቤተሰቡ አምስት አምስት ሰው ነው ብንል፣ 200 አባወራ ባለበት እድር ውስጥ አምስት ያህል ሰው ማለት ነው። እድር ላይ ስታወሩት ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሌላ ወላጅ ይኖራል።

ወደ ክኒኑ። እዚህ ላይ ቤተሰብ የሚሳሳተው በፍሬ ስለሚቆጥር ነው። «ማታ ማታ ሁለት ፍሬ» ይባላል፣ ልጁም ሁለት ይውጣል፣ ሚሊግራሙን የሚያውቅ የለም። ከዚያ አንድ ቀን መድኃኒቱ ከለመዳችሁት ፋርማሲ ያልቅና ከሌላ ሲገዛ፣ 30 ሚሊግራም የነበረው ፊኖባርቢታል 100 ሚሊግራም ሆኖ ይመጣል። ሁለቱ ፍሬ 60 መሆኑ ቀርቶ 200 ሆነ ማለት ነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲያንቀላፋ ይውላል፣ ሲያስነሱት ይንገዳገዳል፣ ቤተሰቡም «በሽታው ባሰበት» ይላል። የመድኃኒቱን ስም፣ የአንዱን ፍሬ ሚሊግራምና የቀኑን ድምር ጽፋችሁ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጥፉት፤ ከፋርማሲው መስኮት ሳትነሱም ፍሬውን ቁጠሩ። ግማሽ ከታዘዘ በምላጭ በየዕለቱ አንድ አንዱን ክፈሉ። የሳምንቱን አስቀድሞ የገመሰ የሚያገኘው ዱቄት ነው።

በቀን ሁለቴ ለሚወሰደው ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ይመቻል፤ በመካከላቸው ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት አለ፣ ለማስታወስም አይከብድም። ከረሳችሁት የዘገየው ከአራት ሰዓት ካልበለጠ ስጡት፣ ከዚያ ካለፈ ቀጣዩን ጠብቁ። የሁለቱን ባንዴ መስጠት የለም። ሰጥታችሁት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰ ያው መጠን ይደገማል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈው አይደገምም።

መዋጥ ለማይችል ልጅ ክኒኑን በሁለት ማንኪያ መሃል አድቅቁና አንድ የሻይ ማንኪያ ገንፎ ላይ ለውሱት፤ መጀመሪያ ያንን አጉርሱት፣ ከዚያ የቀረውን ምግብ። ሳህኑ ላይ ከነሰነሳችሁት ልጁ ግማሹን ሲተወው መድኃኒቱም አብሮ ይቀራል፣ ምን ያህል እንደዋጠም አይታወቅም። አንጀት እስኪደርስ እንዳይሟሟ የተሸፈነው ቫልፕሮዬትና ቀስ እያለ የሚለቀው ካርባማዜፒን ግን አይደቀቁም፤ ለእሱ የሚሆን ሌላ ዓይነት ወይም ሽሮፕ ጠይቁ። ሲጎርስ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ይጠጋ። አንገቱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊሄድበት ይችላል። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይጋደም።

የጅማ ዝናብ የራሱ ጣጣ አለው። ካርባማዜፒን እርጥበት ሲያገኘው ይጠነክርና ሆድ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ እስከ ሲሶ ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል። ቫልፕሮዬትም ከእሽጉ ወጥቶ አየር ላይ ከቆየ ይረጥባል። ክረምት ላይ «ሳናቋርጥ እየሰጠነው ጣለው» የሚል ቤተሰብ መጠኑ ይጨመርልን ከማለቱ በፊት ክኒኑ የት እንደተቀመጠ ይይ። ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ከሆነ እንፋሎቱ ደርሶበታል። መኝታ ክፍል፣ ክዳኑ በሚጠመዘዝ ዕቃ ውስጥ፣ ከእሽጉ ሳይወጣ፣ ሌሎቹ ልጆች ከማይደርሱበት ከፍታ።

ፊኖባርቢታል ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን ልጅ ግን አንዳንዴ እንቅልፍ በማስያዝ ፈንታ ያቅበጠብጠዋል። ይነክሳል፣ ይሮጣል፣ ሌሊት አይተኛም። ይህ ብልግና አይደለም፣ በዱላም አይመለስም፤ ለሐኪሙ ተነግሮ በሌላ ይቀየራል። እንቅልፍ ማጣት ራሱ ጥቃት ይጠራል። ጅማ ነውና፣ በርጫው እስከ እኩለ ሌሊት በሚቆይበት ቤት የልጁ ፍራሽ ከዚያ ክፍል ይውጣ።

ትኩሳትም እንዲሁ ነው። ግልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ ወይም ሌላ ቆላ ዘመድ ጥየቃ ደርሶ የመጣ ልጅ ካተኮሰው በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ይደረግለት። ኮአርተም ሲታዘዝለት ካርባማዜፒን ወይም ፌኒቶይን እንደሚወስድ ተናገሩ፤ ሁለቱም ኮአርተሙ ከሰውነት ቶሎ እንዲወጣ ያደርጋሉ፣ ወባው ሳይድን ሊቀር ይችላል። ካተኮሰውና አንገቱ ከደረቀ ግን ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላልና ማደር የለም።

ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የምትሄዱ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ፤ አለበለዚያ ከኪስ ትከፍላላችሁ። አገራችን ውስጥ በብዙ ቦታ የዚህ ሕመም ክትትል በሥነ አእምሮ ክፍል ነው የሚደረገው፣ የበሩን ጽሑፍ አይታችሁ «ልጄ አላበደም» ብላችሁ አትመለሱ። ከምትናገሩት ይልቅ የሚጠቅመው በስልክ የተቀረጸ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ፊቱና ሁለቱም እጆቹ ይታዩ፤ በየትኛው ጎን እንደጀመረውና ምን ዓይነት ጥቃት እንደሆነ ማየት መድኃኒት ለመምረጥ ይረዳል። ለምሳሌ ለአፍታ ፈዞ የሚመለሰውንና እንደ ድንጋጤ ውርር የሚያደርገውን ዓይነት ካርባማዜፒን ያብሰዋል። ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየና ያን ዕለት የተዘለለ ክኒን እንደነበረ ጻፉ።

ጠበልም ሆነ ዱዓ ከክኒን ጋር አይጣላም። የሚጎዳው «እምነት ይጎድለዋል» ተብሎ ክኒኑ የቀረ ዕለት ነው፤ በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት የማያባራ ጥቃት ሊያመጣ ይችላል። ሁለት ዓመት ሳይጥለው የቆየ ልጅ እንኳ የሚያቆመው በሐኪም ውሳኔ፣ በወራት ውስጥ እየተቀነሰለት ነው።

ማንም ሳይፈልግ የሚያቋርጥበት ጊዜ ደግሞ አለ፣ ጳጉሜ። «ለወር» ተብሎ 60 ፍሬ ይሰጣል፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ። ከነሐሴ 21 ጠዋት የተጀመረ 60 ፍሬ የነሐሴን 10 ቀን፣ የጳጉሜን 5 ቀንና የመስከረምን 15 ቀን ይሸፍናል። ቀጠሮው ግን መስከረም 20 ነው። ደመራ ዕለት ጠዋት ፍሬ የለም፣ ማግስቱ መስቀል ስለሆነ ክሊኒኩ ዝግ ነው፣ ልጁም ያን ቀን እሳት ዳር ነው የሚውለው። ነሐሴ ላይ ስትቀበሉ 70 ጠይቁ፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት 72።